ሦስቱ የላዳ ጎሚኒዎች

ባለፈው ሳምንት የልጄን ቪትዝ ይዤ መካኒሳ አቦ አካባቢ ወዳለ አንድ ጋራዥ ሄድኩ። ከመኪናዋ ሥር የሆነ ነገር ይንኳኳል። መንገዱ ጎርበጥ ሲል ይሰማል፤ ቆማ ስትነሳም ይሰማል። ልጄ ሥራ ስለሚበዛባት የቤታችንን መኪና የማሳክመው እኔ ጡረተኛው ነኝ። ጋራዡ የቆርቆሮ አጥር፣ ሁለት ጉድጓድና ጥቂት የፕላስቲክ ወንበሮች ነው። ባለቤቱ ወንድማገኝ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የማይቸኩል ሰው ነው። መኪናዋን ጉድጓዱ ላይ አቁሞ ሞተሩን አጠፋና ሻይ ይዞ ተቀመጠ። ምን እንደሚጠብቅ ጠየቅኩት።

"ማርሚታው ይብረድ ጋሼ። ትኩሱን ከነካሁት ዛሬ ምሳ የምበላው በግራ እጄ ነው።"

ሻዩን ሲጨርስ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ የጭስ ማውጫውን ቧንቧ በእጁ ይዞ ወዘወዘው። ያ የሚንኳኳው ድምፅ ወዲያው መጣ። እኔንም ጎንበስ ብዬ እንዳይ ጠራኝ። ቧንቧውንና የጭሱን ጩኸት የሚያፍነውን ማርሚታ ከመኪናው ሆድ ጋር አንጠልጥለው የሚይዙ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸው ወፋፍራም ላስቲኮች አሉ። ከሦስቱ አንዱ ተበጥሶ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ሁለተኛውን በጠመንጃ መፍቻ ጠጋ አድርጎ ሲለጥጠው፣ ደህና የመሰለው ላስቲክ ከመሃሉ አፉን ከፈተ። ሦስተኛው ምንም አልሆነም።

"ሦስቱም ይቀየራሉ" አለ።

"ሦስተኛው ደህና ነው እኮ።"

"እስከ ዛሬ ነዋ። ሁለቱን አዲስ አድርጌ እሱን ብተወው ከወር በኋላ ተመልሰው መጥተው ይሰድቡኛል።"

አጠገቤ ተራ የሚጠብቅ የራይድ ሹፌር ነበር። የእሱም ችግር ተመሳሳይ ነው፤ ግን ቸኩሏል። "ወንድሜ፣ የኔን በሽቦ ጠፈር አርገህ ሸኘኝ፤ ደንበኛ እየደወለ ነው" አለ።

"ሽቦ ለአጥር ነው" አለው ወንድማገኝ ቀና ሳይል።

"ለዛሬ ብቻ።"

"የዛሬ ብቻ ሽቦ ክረምትና በጋ ሲያሳልፍ አይቻለሁ። ላስቲኩ የተሠራው ቧንቧው እንዲወዛወዝ ነው። ሞተሩ ሲነቃነቅ አብሮ ይነቃነቃል፤ ሲሞቅም ይረዝማል። በሽቦ ከጠፈርከው መሄጃ ያጣና አንድ ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ጭሱ አንተን ይዞ ነው የሚሄደው።"

"ስብከት አለ እንዴ ዛሬ?" አለ ሹፌሩ እየሳቀ። ቢሆንም ስልኩን አውጥቶ ደንበኛውን ይቅርታ ጠየቀ። ወንድማገኝ የአዲሶቹን ጎሚኒዎች ላስቲክ ከረጢት በጥርሱ ቀደደው። የአዲስ ጎማ ሽታ፣ ያ ትንሽ መረር የሚለው፣ አፍንጫዬ ደረሰ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

ይህን ሽታ መጀመሪያ ያወቅሁት ነፋስ ስልክ፣ ያደግኩበትና እስከ ዛሬም የምኖርበት ሰፈር ነው። ዛሬ መንገዱ ሰፍቶ የግማሹ ሰፈር አጥር ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ልብስ ሰፊዎቹ የነበሩበት ጥግ የባንክ ቅርንጫፍ ሆኗል። ያኔ ጥጉ ላይ ሦስት የስፌት መኪናዎች ነበሩ። ሰፊዎቹ ለወጣቱ እግሩ የሰፋ ሱሪ፣ ለቢሮ ሠራተኛው ባለ አራት ኪስ ሳፋሪ ይሰፋሉ። ከጎናቸው ያለው ሻይ ቤት ሻይ የሚያቀርበው በብርጭቆ ነበር፤ ብስኩቱ በአንድ በኩል ሁልጊዜ ያረረ ነው። ሬዲዮው የሚዘፍነውን ሰፊዎቹ በእግራቸው ፔዳል ይከተሉት ነበር፤ ዘፈኑ ሲፈጥን ስፌቱም ይፈጥናል። ቤንዚን በኩፖን ነው፤ መለዋወጫ ደግሞ በመዝገብና በወረፋ። ወረፋው የደረሰው ሰው ሄዶ "አልቋል" ተብሎ ሲመለስ አይገርመውም፤ የሚገርመው ቢያገኝ ነበር። በዚያ መንደር ውስጥ ስድስት ላዳዎች ነበሩን። አራቱ ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች ናቸው። አምስተኛው የአንድ የጤና ረዳት ነው። ስድስተኛው ፈዛዛ ቢጫ፣ አገሩ ሊመለስ ከተነሳ የውጭ አገር መምህር የገዛሁት የኔ ነበር። የጋዜጣ ሪፖርተር ነበርኩ፤ ዕድሜዬ ከሠላሳ አላለፈም።

የላዳ ማርሚታ በሦስት ጎሚኒ ነው የሚንጠለጠለው፤ ሁለቱ በጎንና በጎን፣ አንዱ ከኋላ። በዚያ ዘመን ጎሚኒ በከተማው ውስጥ በገንዘብም በዘመድም አይገኝም ነበር። ስለዚህ የሁላችንም ማርሚታ የታሰረው በሽቦ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከአሮጌ የከባድ መኪና ካላማዳሪያ፣ ከጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ በተቆረጠ ጠፍር። ችግሩ የሚመጣው ክረምት ሲገባ፣ የዓመቱ የመኪና ምርመራ ሲደርስ ነው። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ሽቦ ካየ መኪናው አያልፍም፤ ካላለፈ ቦሎ የለም። አንድ ዓመት የጤና ረዳቱ ወንድም ከሞስኮ ሲመለስ አንድ ሙሉ የጎሚኒ ስብስብ ይዞ መጣ። ሦስት ላስቲኮች፣ አዳዲስ። የጤና ረዳቱ ለራሱ አላስቀራቸውም። በአቡጀዲ ከረጢት አድርጎ የሁላችን አደረጋቸው። ደንቡ ቀላል ነበር፤ የምርመራ ቀንህ ሲደርስ ከረጢቱን ትወስዳለህ፣ ሽቦህን ፈትተህ ጎሚኒዎቹን ትገጥማለህ፣ ታልፋለህ። በዚያው ቀን አውልቀህ፣ በሳሙና አጥበህ፣ ለባለ ተራው ታስረክባለህ። የራስህን ሽቦ መልሰህ ታስራለህ።

ያን ሥርዓት ያኔ እንኮራበት ነበር። አሁን ሳስበው የሠራነው ነገር ግልጽ ነው። ደህናዎቹን ላስቲኮች የምንገጥማቸው ለመርማሪው ነበር። እኛ ራሳችን፣ ሚስቶቻችንና ተሳፋሪዎቻችን የቀሩትን ቀናት ሁሉ የምንሄደው በሽቦ ነው። ከስድስታችን አንድም ሰው ይህን ነገር ሲያነሳ አልሰማሁም። እኔም አላነሳሁም፤ ሥራዬ ጥያቄ መጠየቅ ነበር።

ከእኔ ቀጥሎ ያለው ተረኛ ሁልጊዜ ጎረቤቴ ታደሰ ነው። የታክሲ ሹፌር ነበር፤ ረዥም፣ ካኪ ሸሚዙን ራሱ ተኩሶ የሚለብስ፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ኪሱ የማይለይ። መጠጥ አይቀምስም። አብረን ጠጅ ቤት ስንገባ ያልፈላ ብርዝ ያዛል። ጠጪዎቹ "ለታዴ የሕፃኑን አምጡለት" ይሉታል። "እናንተን ቤታችሁ የሚያደርስ ሕፃን ያስፈልጋል" ብሎ ይመልሳል፤ ያደርሳቸዋልም። ሚስቱ እትዬ አስካለ ትባላለች፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች። ዮናስ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበራቸው።

በዚያ ክረምት የእኔ ምርመራ ዓርብ ነበር፤ የታደሰ ሰኞ። ዓርብ ጎሚኒዎቹን ገጥሜ አለፍኩ። ከምርመራው ስመለስ ሬዲዮ የሌላትን መኪናዬን ለመጀመሪያ ጊዜ አዳመጥኳት። አታንኳኳም። አትንቀጠቀጥም። ጎማው የረገጠው ውሃ ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያው እሑድ ደግሞ ላገባት ወዳሰብኳት ወደ ጽጌ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ልልክ ነበር። ቤታቸው ሳሪስ ነው፤ ኮረኮንቹን መውጣት አለ። አጎቴንና ሁለት የሰፈር አባቶችን ነጭ ጋቢ አስለብሼ፣ በሽቦ የተጠፈረ ቆርቆሮ እያንቋቋሁ በዚያ በር ላይ መቆም አልፈለግሁም። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ታደሰ ከረጢቱን ሊወስድ መጣ። እጁን ታጥቦ፣ የሥራ ልብሱን ለብሶ ነበር።

"እንዴት አለፍክ? መርማሪው ፂሙን ያስረዘመው ነው?" አለኝ።

"ምርመራዬ ወደ ማክሰኞ ተላለፈ" አልኩት።

መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን አዲስ ቦሎ ሊያይ ይችል ነበር። ግን መኪናዋ በሸራ ተሸፍና ነበር፤ ከጠዋት ጀምሬ ሸፍኛታለሁ።

"እኔ'ኮ ዛሬ ማርሚታውን ላወርደው ነበር። ከፊት በኩል ቧንቧው ሳይሰነጠቅ አልቀረም፤ ይሸተኛል። በአንድ መውረድ ጎሚኒውንም ብየዳውንም ልጨርስ ብዬ።" ትንሽ አሰበ። "በቃ፣ የኔን ቀን አስቀይራለሁ። ሁለት ጊዜ ከማወርደው ያንተ ሲያልቅ አንዴ አወርደዋለሁ።"

ሊሄድ ሲል የፍሬን ዘይት እንደጨረሰ ነገረኝ። ከራሴ ላይ ግማሹን በባዶ የአረቄ ጠርሙስ ቀዳሁለት። ያኔ ሰው ሁሉ ፍሬን ዘይት የሚይዘው በአረቄ ጠርሙስ ነበር። አመስግኖኝ ሄደ።

እሑድ ሽማግሌዎቹን አደረስኩ። ወጉ ስለማይፈቅድ እኔ ከጥጉ ወዲያ መኪናው ውስጥ ቀረሁ። ጽጌ ከዚያ በኋላ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ ያን ቀን ለእንግዳ ስታወራ የምትጀምረው አንድ ቦታ ነበር። "መኪና መምጣቱን እንኳ አልሰማንም፤ ብቅ ስንል ሦስት ነጭ ጋቢ በር ላይ ቆሟል" ትላለች፣ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጽጌ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ስለ ጎሚኒዎቹ አልነገርኳትም።

ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ታደሰ ምርመራ መሄዱ ስለቀረ ሥራ ወጣ። ጎፋ ላይ ተሳፋሪ ለመጠበቅ ከሌሎች ታክሲዎች ኋላ ተሰለፈ። ባትሪው ደካማ ነበር፤ ካጠፋው የሚገፋለት ሰው በዝናብ አያገኝም፤ ስለዚህ ሞተሩን አላጠፋውም። መስኮቶቹን ዘጋ። የላዳው ወለል ከሹፌሩ እግር ሥር በዝገት ተበልቶ በምንጣፍ ተሸፍኖ ነበር። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ እሱ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው የነበረው ሹፌር ጥሩምባ ነፍቶ ሲሰለቸው ወርዶ መስኮቱን አንኳኳ። በሩን ሲከፍቱት ታደሰ መሪው ላይ ተደግፎ ነበር። ሕይወቱ አልፏል። ከወንበሩ ሥር የአረቄ ጠርሙስ ተገኘ፤ ከፍቶ ያሸተተው የለም።

ወሬው ቀብሩን ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ብርድ ሲጸናበት ቀመስ አድርጎ ተኛ፤ ልቡ ቀጥ አለ። አይጠጣም ሲባል የነበረው ተደብቆ ስለሚጠጣ ነው ተባለ። የዕድሩ ድንኳን ውስጥ እትዬ አስካለ ከሰው መሃል ብድግ ብላ "ታደሰ አይጠጣም" አለች። እንዳትወድቅ የሚይዟት ሴቶች "ይሁን፣ ይሁን" እያሉ አስቀመጧት። እኔ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ ቆሜ ነበር። ጠርሙሱን የሞላሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ መኪናው ተጎትቶ ሰፈር ሲመጣ ማንም ሳይጠይቀኝ ከሥሩ ገባሁ። ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ የጻፍኩት እስከ ዛሬ አለ። ሽቦው ማርሚታውን ወደ አንድ ጎን ስቦ አጥብቆ ይዞታል። ከማርሚታው ፊት ቧንቧው ዙሪያውን ሊጨርስ በቀረበ ስንጥቅ ተከፍሏል፤ ስንጥቁ ትክክል ከተበላው ወለል ሥር ነው። ምንጣፉ ከሥሩ ጥላሸት ለብሷል፤ ጭሱ የገባው በዚያ ነው። ይህን ሁሉ ጽፌ ደብተሩን ዘጋሁ። ስለ ጠርሙሱ ብናገር ስለ ቧንቧው እጠየቃለሁ። ስለ ቧንቧው ብናገር ለምን ሳይበየድ ቀረ ይባላል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው የቅዳሜ ጠዋቱ ውሸቴ ነው። የጽጌ ቤተሰብ ገና መልስ አልሰጠም ነበር። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ከዚያ ሰባቱ አለፈ፤ አርባው አለፈ፤ ሠርጌ ደረሰ። እትዬ አስካለ ጥቁር ልብሷን ሳታወልቅ ሠርጌ ላይ መጥታ ሽንኩርት ስትከትፍ ዋለች።

ዮናስን የሰፈር ልጆች ኳስ ሲያቀብሉት "የሰካራም ልጅ" ይሉት ነበር፤ በመስኮት እሰማለሁ። አደገ፣ ተማረ፤ አሁን ፉሪ ቤት ሠርቶ የሚኖር ጠንካራ መምህር ነው። በዕድሜው ሁሉ መጠጥ አልነካም። እናቱ ዘንድ ሲመጣ ግን ስለ አባቱ ሲያነሳ ሰምቼው አላውቅም።

ከረጢቱን ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ሰው የለም። አንዱ የታደሰ ቤት ያለ መስሎት፣ ሌላው ሐዘን ቤት ጎሚኒ መጠየቅ አፍሮ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም በየፊናው መላ ፈለገ። ሦስቱ ላስቲኮች እኔ ጋ ቀሩ።

ወንድማገኝ የመጨረሻውን ጎሚኒ በሳሙና ውሃ አርሶ አስገባና ቧንቧውን ወዘወዘው። ድምፅ የለም። በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ሳላረጋግጥ ጽፌ አላውቅም፤ ይህን ግን ለማንም ባለሙያ አቅርቤ አላውቅም ነበር። ሹፌሩ መኪናውን ሊያስገባ ሲሄድ ወንድማገኝን ጠየቅኩት።

"ቧንቧው አስቀድሞ የተሰነጠቀ ቢሆን፣ ሰውየው ሊያወርደው ካሰበበት ቀን ሁለት ቀን ቢዘገይ ለውጥ አለው?"

እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

"ሊበየድ ነበር የሚወርደው?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ለውጥ አለው ጋሼ። ይበየድ ነበር፤ አለቀ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።"

ቤት ሄጄ ከረጢቱን አወጣሁ። አቡጀዲው ቢጫ ሆኗል። ላስቲኮቹ ደርቀው እንደ እንጨት ሆነዋል፤ አንዱን ባጎብጠው ተሰበረ። እንዳሉ ይዣቸው ከግድግዳ ወዲያ ያለውን በር አንኳኳሁ። እትዬ አስካለ በረንዳ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። ጉልበቷ አይታዘዛትም፤ ዓይኗ ግን ደህና ነው።

"ኃይሉ፣ ምነው በዚህ ሰዓት? ልጅህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። የምነግርዎት ነገር አለ።"

ከረጢቱን ትሪው አጠገብ አስቀመጥኩት። አወቀችው። እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። ነገርኳት። በሥራዬ እንደለመድኩት በቅደም ተከተል፣ ቀንና ቦታ እየጠቀስኩ ተናገርኩ። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ ጥያቄዎቿ አጫጭር ነበሩ።

"ቅዳሜ ሲመጣ ምን አልከው?"

"ምርመራዬ ወደ ማክሰኞ ተላለፈ አልኩት።"

"ተላልፎ ነበር?"

"አልተላለፈም። ዓርብ አልፌ ነበር።"

"ጠርሙሱስ?"

"ፍሬን ዘይት ነው። እኔ ነኝ የቀዳሁለት።"

"በድንኳኑ ጊዜ የት ነበርክ?"

"እዚያው ነበርኩ።"

ከአጥሩ ውጭ የመንገድ ሥራ መኪና ወደ ኋላ እየሄደ ይጮኻል። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች።

"ቆይ። ይቅርታው ይደርሳል፤ ወይ አይደርስም። እኔ እንደማይጠጣ ሳውቅ ነው የኖርኩት፤ ለእኔ አዲስ የነገርከኝ የአንተን ነገር ብቻ ነው።" ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። "በቤቱ የአባቱን ፎቶ ከግድግዳ ያወረደው ዮናስ ነው። ልጆቹ ሲጠይቁት አያታችሁ በበሽታ ሞተ ነው የሚላቸው። አፍሮበት።"

ቁጥሩን ለማግኘት ጊዜ ወሰደባት። ልርዳዎት አላልኩም።

"ዮኒ? የት ነህ? ክፍል ነህ? ውጣ። ውጣ አልኩህ፣ ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ጋሽ ኃይሉ የሚነግርህ አለ። ሳትናገር ስማው።"

ስልኩን ዘረጋችልኝ። ክፍለ ሀገር ወጥቼ ዜና በስልክ የማነብበት ዘመን ትዝ አለኝ። መስመሩ ሲበላሽ ቢሮ ያለችው ጸሐፊ "ከመጀመሪያው ድገመው" ትለኝ ነበር፤ ያለ ምንም ስሜት እደግመዋለሁ። አሁን ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁ። ከወዲያ በኩል የተማሪዎች ጫጫታ፣ ከዚያ በር ሲዘጋ፣ ከዚያ የአንድ ትልቅ ሰው ትንፋሽ ተሰማኝ።

"አቤት ጋሽ ኃይሉ" አለ።

እትዬ አስካለ ምስሩን ወደ ጎን ገፍታ አየችኝ።

"ከሞቱ አትጀምርለት" አለች። "ከቅዳሜ ጀምር።"

ከቅዳሜ ጀመርኩ።